ሳይታጠብ የሄደው ማንቆርቆሪያ

በሐጂ ዐብዱረሕማን ቤት ከደጅ የሚወጣ ዕቃ ሳይታጠብ አይወጣም። ጎረቤት ድስት ቢዋስ ታጥቦ ይሰጠዋል፤ ታጥቦ እንዲመለስም ይጠበቅበታል። ሐጂ በሕይወት ሳሉ በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ የናስና የመዳብ ዕቃ ይነግዱ ነበርና፣ ገዢ የሚነካው ነገር ሁሉ የሰው ፊት እስኪያሳይ ድረስ በአመድና በሎሚ ይፈተግ ነበር። «ዕቃ እግር አለው፤ ሄዶ ስለ ቤታችን ያወራል» ይሉ ነበር። እሳቸው ሞቱ፤ ሱቁም የጨርቅ ሱቅ ሆነ። ደንቡ ግን ከባለቤታቸው ከዐዚዛ ጋር ቀረ።

ዐዚዛ ሰባን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ናት። በልጅነቷ ቁርኣን ቀርታለች፤ በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ጋዜጣ እስከ ማንበብ ደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማራት ሥጋት ነው። ሰማይ ሲጠቁር «ዛሬስ ቆርቆሮውን ሊያነሣው ነው» ትላለች፤ ሲጠራ ደግሞ «ይሄ ውርጭ ይዞ ይመጣል» ትላለች። ልጇ አብዱልመናን ለንግድ አይከል ሲወርድ፣ መኪናው አዘዞን ሳያልፍ ስልኩ ይጮኻል። «ደረስህ?» «እማ፣ ገና መውጣቴ ነው!» «እኮ፣ ገና ከሆነ ቀስ በል በለው ሾፌሩን።» ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ይተርተዋል፤ ዐዚዛ ትኖርበታለች።

ከሥጋቷ ሁሉ ትልቁ የልጅ ልጇ፣ የአብዱልመናን ልጅ ረውዳ ነበረች። ልጅቷ ገና ዳዴ ስትል እናቷ ስለ ሞተችባት ዐዚዛ ናት ያሳደገቻት። ያቺ ልጅ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ፊዚክስ ተማረች፤ እዚያው ረዳት አስተማሪ ሆና ቀረች። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ አንድ ሥራ ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ያ ሥራ ደግሞ ጎንደር ቀርቶ አገሩ ሁሉ ውስጥ ፈልጋ ያጣችውን መሣሪያ ይጠይቃል። መሣሪያው ያለው ጣሊያን አገር ነው። ሲለመኑ የኖሩት የጣሊያን ፕሮፌሰር በመጨረሻ እሺ ብለው ተራ ሰጧት።

«ምንድን ነው መሣሪያው?» አለች ዐዚዛ ወሬውን የሰማች ዕለት።

«ሌዘር ነው፣ እማ። ብርሃን።»

«ብርሃን ፍለጋ ጣሊያን ድረስ? ምነው፣ የጎንደር ፀሐይ ምን ጎደላት?»

ረውዳ ሳቀች። አመሻሹ ላይ መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር በመካከላቸው ኩራዝ ይነድ ነበር። ልጅቷ ጣቷን ዘረጋችና በነበልባሉ ውስጥ ሽው አድርጋ አሳለፈችው።

«አንቺ ልጅ!»

«አየሽ? አልተቃጠልኩም። እሳቱ ጣቴ ውስጥ ሊገባ ጊዜ አላገኘም። ይሄኛው ሌዘርም እንደዚህ ነው። ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ አንቺ ዐይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ያለው ጊዜ ለእሱ ዘመን ነው። የዛገ መዳብ ላይ ሲያርፍ ዝገቱን መትቶ ያተነዋል፤ ሙቀቱ ወደ መዳቡ ሳይወርድ ብርሃኑ አልቋል። መዳቡ መነካቱንም አያውቅ።»

«ቢበዛበትስ?»

«ከበዛ መዳቡንም ይበላዋል። ካነሰ ዝገቱም አይነሣ። ልክ እንደ እህል መንሻ ነፋስ ነው፤ ገለባውን ወስዶ ፍሬውን የሚተወው መጠን አለው። ያንን መጠን ነው የምፈልገው። ካገኘሁት የተበላሸ ጥንታዊ ዕቃ ሳይፋቅ፣ ሳይጫር ይጸዳል።»

ዐዚዛ ስለ ገለባው አሰበች፤ ደስ አላት። ቀጥሎ ግን እንደ ልማዷ ሌላውን አሰበች።

«ዐይንስ? ዐይንሽን ቢመታውስ?»

ረውዳ ትንሽ ዝም አለች። «መነጽር አለው» አለች ኋላ።

ዐዚዛ መነጽሩን አልሰማችም፤ የሰማችው ዝምታውን ነው።

በነጋታው ወደ አንገረብ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር ወዳለው ወደ በያጁ አዳሙ ሄደች። አዳሙ በርና መስኮት የሚበይድ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ረውዳ ለጥናቷ የፈለገቻቸውን ስስ የመዳብ ቁርጥራጮች አስተካክሎ የቆረጠላትም እሱ ነበር። ዐዚዛን ከሩቅ ሲያያት ጭንብሉን ገልጦ ተነሣ።

«እማማ ዐዚዛ! ዛሬ ምን ተሰበረ?»

«ምንም አልተሰበረ። እንዳይሰበር ነው የመጣሁ። ያን ፊትህ ላይ የምታጠልቀውን አንድ ትርፍ ካለህ ስጠኝ።»

«ምነው፣ ብየዳ ሊጀምሩ ነው? ገበያዬን ሊዘጉብኝ!»

«አትቀልድ። ልጄ ብርሃን ልትሠራ ጣሊያን ልትሄድ ነው።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ሸጋ ነው!» አለ አዳሙ፤ መልሶ ግን የማይሆን ጨዋታ ጀመረ። «እኔ አንድ ቀን ያለ ጭንብል በይጄ፣ ዐይኔ ውስጥ አሸዋ የፈሰሰብኝ መስሎኝ እንደ ሕፃን ሳለቅስ ነበር። ይሄ እንግዲህ ተራ ብየዳ ነው። የእሷው ደግሞ...» ፊቷን አየና አፉን ያዘ። «የእሷው ምንም አይል። ፈረንጅ ጠንቃቃ ነው።»

ዐዚዛ ጭንብሉን በነጠላዋ ሸፍና ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ «ፈረንጅ ጠንቃቃ ነው፣ ፈረንጅ ጠንቃቃ ነው» ትላለች፤ ልቧ ግን አላመናትም።

የዐረፋ ዋዜማ ደረሰ። በዐዚዛ ቤት በዐረፋ ዋዜማ የማይፈተግ ብረት የለም። ድስቱ፣ ሰኑ፣ የናሱ ትሪ፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር ግቢ ወጥቶ በአመድ ይታሻል። ያን ቀን ረውዳ የጉዞዋን ጣጣ ልትጨርስ ዩኒቨርሲቲ ሄዳለች። ዐዚዛ እጇ አመድ እንደ ሆነ ጭንብሉ ትዝ አላት፤ ታጥባ ገባችና ልብስ መሐል ልትደብቀው የልጅቷን ሻንጣ ከፈተች።

ከሻንጣው ጥግ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አለ። ገለጠችው። የአዳሙ የመዳብ ቁርጥራጮች ናቸው፤ ግን ምን ሆነዋል! ጠቁረዋል፤ በላያቸው አረንጓዴ ነገር እንደ ሽበት ፈሷል። ረውዳ ትናንት ከተራራማው ከድብ ባሕር ያመጣችው ይሄንን ነው ማለት ነው። እዚያ በሚኖሩት በሥራ ባልደረባዋ ወላጆች ግቢ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ያስቀመጠችው ነገር ነበር፤ አልፎ አልፎ እየሄደች ታየው ነበር።

ዐዚዛ መጀመሪያ የመጣባት ደንቡ ነው። ይሄ ከሐጂ ዐብዱረሕማን ቤት ወጥቶ ጣሊያን ሊገባ? ፕሮፌሰሩ ፈትቶ ሊያየው? ሁለተኛው ሐሳብ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ አበራላት። ልጅቷ ጣሊያን የምትሄደው ለምንድን ነው? ዝገት ለማንሣት። አንሺው ደግሞ ዐይን የሚያጠፋ ብርሃን ነው። እንግዲያ ዝገቱን እሷ እዚሁ ብታነሣላት? ተነሥቶ ከጠበቃቸው ያንን ብርሃን ለምን ያበሩታል? የልጅቷ ዐይን ይተርፋል።

«ያ ረቢ፣ ይሄን እስካሁን ሳላስበው!» አለች ለራሷ።

አመድ ነሰነሰች፤ ሎሚ ቆረጠች። አንድ በአንድ ያዘቻቸው። የድብ ባሕር ዝናብና ጉም ያደረገውን ሁሉ በአውራ ጣቷ እየተጫነች አወለቀችው። አረንጓዴው በእጇ ላይ ወረደ፤ ጥቁሩ ተከተለው፤ ከሥሩ እንደ ሙሽራ ጉንጭ የቀላ መዳብ ወጣ። በንጹሕ ፎጣ ላይ ደርድራ ፀሐይ አሳየቻቸው። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ረውዳ በር ገፍታ ስትገባ ዐዚዛ ፎጣውን ይዛ ቆማ ጠበቀቻት።

«ነይ፣ ነይ እይልኝ! በይ አሁን ፈረንጁ እስኪ ምን ይላል?»

ልጅቷ ፎጣውን አየች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

«እማ... ምን አደረግሽ?»

«አነሣሁልሽ! ዝገቱን። ከእንግዲህ ያን ብርሃን ማብራት የለብሽም።»

ረውዳ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። «ዝገቱ ነበር ሥራዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ክረምት ድብ ባሕር ያስቀመጥኋቸው እንዲዝጉ ነው። የተራራ ዝናብ፣ የተራራ ጉም እንዲበላቸው። ያለ ዝገት ብርሃኑ ምን ያነሣል?»

ዐዚዛ ፎጣውን እንደ ያዘች ቀረች። «ዳግመኛ... ይዛጉ እንጂ። ውኃ እናርከፍክፍባቸው።»

«በረራዬ በዚህ ሳምንት ነው።»

«በእሳት ቢጠቁሩስ?»

«በምድጃ አጠቁራቸዋለሁ፤ ግን ያ የምድጃ ዝገት ነው። እነሱ ጋ ሞልቷል። ፕሮፌሰሩ ተራ የሰጡኝ የኛ አገር አየር ያመጣውን ዝገት ይዤ እመጣለሁ ስላልኋቸው ነው። ያንን ካልያዝሁ ተራውን ለሌላ ይሰጡታል።»

ከዚያ ተነሥታ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን በዝግታ ዘጋችው። ረውዳ ስትቆጣ በር የምታላትም ልጅ ነበረች፤ ዐዚዛን የቆረጣት ያ ዝግታ ነው።

በበዓሉ ጠዋት አብዱልመናን ከአይከል ሙክት ይዞ ደረሰ። የተሠራውን ሲሰማ መጀመሪያ ራሱን ያዘ፤ ቆይቶ ግን የእናቱንና የልጁን ፊት ሲያይ ሳይቀልድ ማለፍ አልቻለም።

«እማ እኮ መሰላል ብታገኝ ጨረቃንም ትፈትጋለች» አለ። «ጥቁር ነጥብ አለባት ብላ!»

ረውዳ ሳታስበው ፈገግ አለች። ዐዚዛ ግን አልሳቀችም። እንግዳ ተቀበለች፣ ሥጋ አከፋፈለች፣ ለድሃው ላከች፤ እጇ ሥራ ላይ፣ ልቧ ፎጣው ላይ። ልጅቷ ትቅር ብላ ስንት ጊዜ በልቧ ተመኝታለች? አላህ ምኞቷን ሰምቶ በገዛ እጇ አስፈጸማት እንዴ? ይሄ ሐሳብ ሲመጣባት ቆመችና «አስተግፊሩላህ» አለች። እንድትቀር አልነበረም የፈለገችው። ሄዳ በደኅና እንድትመለስ ነበር።

እንግዳው ከተበተነ በኋላ ረውዳ ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየች። ዐይኖቿ ከጓሮው ግንብ ላይ ዐርፈዋል። ዐዚዛ የልጅቷን ዐይን ተከትላ አየች፤ አየችና ዐይኗን ቶሎ መለሰች።

በግንቡ ላይ፣ ጣራ በሌለው መደብ፣ ሐጂ ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ ቆሟል። አንጥረኛ በእጁ የቀጠቀጠው የመዳብ ማንቆርቆሪያ ነው። ሐጂ ለመጨረሻ ጊዜ ውዱእ አድርገውበት እዚያ አስቀመጡት፤ ያን ቀን ለቀትሩ የዙህር ሶላት ሄደው በሰው ትከሻ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ዐዚዛ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ቤቱ ሁሉ ሲፈተግ እሱ አይፈተግም። ሆዱ ጠቁሯል፤ አንገቱ አረንጓዴ ለብሷል፤ እጀታው ግን የሐጂ መዳፍ ዓመት ከዓመት ያሸው ስለ ሆነ ለስልሶ ቡናማ እንደ ሆነ ነው። ዐዚዛ ሰው በሌለበት እጇን እዚያ ታሳርፋለች። የእሳቸው እጅ ካረፈበት ሁሉ ሳይታጠብ የቀረው ያ ብቻ ነው።

ረውዳ ዐይኗን አነሣች፤ ወደ ቤት ገባች። አልጠየቀችም።

ያ አለመጠየቋ ዐዚዛን እንቅልፍ ነሣት። ልጅቷ ብትጠይቅ «ምነው፣ አታፍሪም?» ትላት ነበር፤ ነገሩም ያበቃ ነበር። ያልተጠየቀ ነገር ግን መልስ የለውም። «እርስዎ ምን ይላሉ?» አለች ሐጂን በልቧ። ሐጂ በሕይወት ሳሉም ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ቶሎ አይመልሱም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከሶላት በኋላ ወንበር ላይ ወጣች። ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ አወረደችው። ከወረደበት ቦታ ግንቡ ላይ አረንጓዴ ክብ ቀረ። ረውዳ ጋ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይሄስ አይሆንም?»

ረውዳ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «እማ፣ እሱን አልጠይቅሽም።»

«አልጠየቅሽኝማ። ዝገት አይደለም ይሄ? የጎንደርን ዝናብ ስንት ክረምት ጠጥቷል!»

«የአያቴ ነው እኮ።»

«የማን እንደ ሆነ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አለች ዐዚዛ። «አሁን ማይልኝ፤ እጀታውን አይነካውም በይ።»

«ወላሂ አይነካውም። እጀታውን በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፤ ብርሃኑ አያየውም። ከሥሩ በኩል፣ ከምስር ፍሬ ያነሰች ቦታ ብቻ።»

«ቢበዛበትስ? መዳቡን ቢበላው?»

ረውዳ አሁን ዝም አላለችም። «መጠኑን ሳላውቅ ወደ እሱ አላስጠጋውም። ካላወቅሁት እንዲሁ ይዤው እመለሳለሁ።»

ረውዳ ለፕሮፌሰሩ ጻፈች። መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ዕቃው የት እንደ ቆመ፣ ጣራ እንዳልነበረው፣ ማንም እንዳልፈተገው የሚመሰክር ሰው ካለ ከቁርጥራጮቹም ይልቅ ይሄ ይሻለኛል ይላል።

«የሚመሰክር ሰው?» አለ አብዱልመናን። «እማን ይጠይቁ! በቀደም እኔ በጨርቅ ጠረግ ባደርገው በጫማ አባርራኛለች።»

የጉዞው ቀን ደረሰ። ሻንጣው በር ላይ ቆመ፤ ማንቆርቆሪያው በፎጣና በጋቢ ተጠቅልሎ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ገባ። ዐዚዛ ከቦርሳው አጠገብ ቆማ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፋት። ጣቶቿ አመድ ይፈልጋሉ፤ ሎሚ ይፈልጋሉ። በሕይወቷ ሙሉ ከዚህ ደጅ ያልታጠበ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም። በመጨረሻ የነጠላዋን ጫፍ አነሣችና የቦርሳውን መያዣ ጠረገች፤ ያ ብቻ ነው የተፈቀደላት።

«ቢስሚላህ» አለች። ዝቅ አድርጋ ደግሞ ለሌላ ሰው፣ «ሐጂ፣ ሳላጥብ ልኬዋለሁ። አይዘኑብኝ።»

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣው ሲፈተሽ ፈታሿ የብየዳ ጭንብል ከልብሱ መሐል ጎትታ አወጣች። «ይሄ ምንድን ነው?» ረውዳ ጭንብሉን አየች፤ ዞራ አያቷን አየች፤ ዐዚዛ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ልጅቷ ፈታሿ ፊት ሳቅዋን መያዝ አቅቷት እያለቀሰች ተሳፈረች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለዐዚዛ ረጅም ነበር። የአብዱልመናን ስልክ ከእጁ ይልቅ በእሷ ጉልበት ላይ ዋለ። ስልኩ ሲጮኽ ትደነግጣለች፤ ዝም ሲል ይበልጥ ትደነግጣለች። አዳሙ በሯን ባለፈ ቁጥር «እማማ፣ ጭንብሌ እንዴት ነው? ጣሊያን ተስማማው?» ይላታል። «አንተ ዝም በል፤ ያን የአሸዋ ወሬ ያወራኸኝ አንተ ነህ።»

የመጀመሪያው ጥሪ ስለ ብርድ ነበር። ሁለተኛው ስለ ምግብ። በሦስተኛው ረውዳ ድምፅዋ ፈጥኖ፣ ቃላቷ እየተደራረቡ መጣች።

«እማ፣ ቁርጥራጮቹ ጠቀሙኝ! አንቺ የፈተግሻቸው!»

«አታሹፊብኝ።»

«ወላሂ! ብርሃኑ ባዶ መዳብ ላይ ሲያርፍ ከስንት ጀምሮ እንደሚጎዳው ማወቅ ነበረብኝ። ንጹሕ መዳብ ፈለግሁ፤ ያንቺ ነበሩ። በእነሱ ላይ እያበዛሁ እያሳነስሁ ወሰኑን አገኘሁት። ዝገቱ የሚነሣው ከወሰኑ በታች ከሆነ ማንቆርቆሪያው አይጎዳም። ነገ እሱን እሞክራለሁ።» ትንሽ ቆየችና ሳቀች። «ደግሞ በማይክሮስኮፕ ስናያቸው አመድሽ የጫረው ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? የታረሰ ማሳ! ፕሮፌሰሩ በምን ማሽን ነው የተፋቀው ብለው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«በአያቴ አውራ ጣት አልኋቸው።»

ዐዚዛ በአውራ ጣቷ ላይ አፈረችም ኮራችም። ነገ የሚለው ቃል ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። በነጋታው ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ ምንጣፉ ላይ እንደ ተቀመጠች አልተነሣችም። ስለ ማንቆርቆሪያው ልትለምን ትጀምራለች፤ ዱዓዋ ስለ ልጅቷ ዐይን ይሆናል፤ ስለ ዐይኗ ትጀምራለች፤ ስለ እጀታው ይሆናል። በኋላ ሁለቱንም ባንድ ላይ ለአላህ ሰጠች።

አብዱልመናን ስልኩን ይዞ እየሮጠ ገባ። «ፎቶ! ፎቶ ልካለች!»

መነጽሯን ፈልጋ አጣች፤ ግንባሯ ላይ ነበር። አየች። የሐጂ ማንቆርቆሪያ ጥቁር አረንጓዴ ሥር፣ በመካከሉ አንዲት ትንሽ፣ ጠርዟ በቢላ የተቆረጠ የመሰለ አራት ማዕዘን ቀይ መስኮት። በመስኮቷ ውስጥ መዳቡ አላንጸባረቀም፤ አልተፋቀም፤ የአንጥረኛው መዶሻ ከመቶ ዓመት በፊት ይሁን መቼ ያሳረፈው ስርጉድ እንዳለ ይታያል።

«ይሄን ያህል ብቻ?» አለች ዐዚዛ በስልክ።

«ይሄን ያህል ብቻ።»

«እኔ ባንድ ሎሚ ሙሉውን...»

«እማ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ዐዚዛም ሳቀች፤ ሳቋ መሐል «እጀታውስ?» አለች።

«ጨርቁ አልተፈታም። አንቺ ነሽ የምትፈቺው።»

ረውዳ በጥር መጨረሻ ተመለሰች። አውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ላይ ዐዚዛ ሰላምታ ከመስጠቷ በፊት ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻት፤ ግራ ዐይን፣ ቀኝ ዐይን። ከዚያ ጣቶቿን ዘረጋች። «ስንት ነው?»

«ሦስት ነው፣ እማ። ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። ይሄስ?»

ቤት ሲደርሱ የእጀታውን ጨርቅ ራሷ ፈታችው። ቡናማው፣ ለስላሳው፣ የመዳፉ ጉድጓድ እንዳለ ነው። እጇን አሳረፈችበት። ከዚያ ገልብጣ ትንሿን መስኮት በአውራ ጣቷ ነካች።

«እንደዚህ ቀልታ ትቀራለች?»

«አትቀርም። በዚህ ክረምት መጥቆር ትጀምራለች።»

«እንግዲያ ሸጋ ነው» አለች ዐዚዛ፤ ማንቆርቆሪያውንም ግንቡ ላይ በአረንጓዴው ክብ ውስጥ መልሳ አቆመችው።

ጭንብሉ አልተመለሰም። ላቦራቶሪው የራሱ መነጽር አለው፤ ጭንብሉን ግን ረውዳ በራቸው ላይ ሰቅላው መጣች። የሚገባ ሁሉ የማን ነው ብሎ ይጠይቃል አለች። አዳሙ ይሄን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። «በሉ እንግዲህ፣ ጣሊያን ቅርንጫፍ ከፈትሁ!»

ግንቦት ገባ። ፕሮፌሰሩ ሥራው እንዲቀጥል ስለ ፈለጉ ረውዳ አዳሙን አዲስ ቁርጥራጮች አስቆረጠች። በዚህ ጊዜ ድብ ባሕር አልወሰደቻቸውም። በሳንቃ ላይ ደርድራ ከማንቆርቆሪያው ጎን ግንቡ ላይ አኖረቻቸው፤ ጠባቂ ስላገኙ።

ጠባቂዋ ቀልድ አታውቅም። አንድ ቀን አብዱልመናን ከአቧራ ላድናቸው ብሎ እፍ ሲልባቸው አገኘችው። «ተው! እንዳትነካ! ይዛጉበት!» ጎረቤቶች ሰሙ። የአመዷ ዐዚዛ ዝገት ጠባቂ ሆነች ተብሎ እስከ መስጊዱ በር ተወራ።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሰማዩ በትክል ድንጋይ ከተማ በኩል ጠቆረ፤ ቆርቆሮው ተንኳኳ። ዐዚዛ «ዕቃ ግቡ! ዕቃ!» እያለች የተሰጣውን ልብስ ሰበሰበች፤ ትሪውን አስገባች፤ ወንበሩን አስገባች። እንደ ልማዷ ሳንቃውንም አነሣችና በደረቷ አቅፋ ወደ በሩ ሮጠች።

ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

ዞራ ሄደች። ነጠላዋ እየረጠበ ሳንቃውን ግንቡ ላይ መልሳ አኖረችው፤ ያጋደሉትን አስተካከለች፤ አንዱም ከዝናቡ እንዳይጠለል ከማንቆርቆሪያው ጥላ ትንሽ ራቅ አደረገቻቸው።

«እማ፣ ግቢ፤ ትታመሚያለሽ!» አለች ረውዳ ከበሩ።

«መጣሁ» አለች ዐዚዛ፤ አልመጣችም። ትላልቅ ጠብታዎች መዳቡ ላይ ሲፈነጠሩ ቆማ ታያለች። «ይጠጡ» አለች። «ጠግበው ይጠጡ።»